አሥራ አንድ ልብ በሁለት ክንድ

በ2091 ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም አልቆ ጥቅምት ሊጠባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በደሴ ከተማ በጦሳ ተራራ ሥር በሚገኘው ቁጥር ስድስት ለይቶ ማከሚያ ከሁሉ የረጋ ልብ የነበረው ሰው ልብስ አጣቢው ይመር ሞላ ነበር። ይህ ሰዎች ያወሩት ነገር ሳይሆን የተለካ ነገር ነው። በዚያ ዘመን ያልተለካ ነገር እምብዛም አልነበረም።

ይመር የሃምሳ ሰባት ዓመት ሰው ነው። ሚስቱ ካረፈች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ልጆቹ ራሳቸውን ችለው ወጥተዋል፤ ጉልበቱ ደህና ነው። ጠዋት ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት ጸሎቱን ያደርሳል፤ ረጅም አይደለም፣ ግን አይዘለውም። ሥራው የታማሚዎችን አንሶላና የነርሶችን የመከላከያ ልብስ ማጠብ፣ ማድረቅና ማጠፍ ነው። ክፍሉ ምድር ቤት ነው። መስኮቱ ከግቢው ሣር ጋር እኩል ስለሆነ ሰው ሲያልፍ የሚታየው ጫማው ብቻ ነው። ይመር የሠራተኛውን ሁሉ ጫማ ያውቃል። ማን እንቅልፍ ሳይተኛ እንዳደረም ከአረማመዱ ይለያል።

ስምንተኛው ሳል የተባለው ወረርሽኝ ከገባ ሰባተኛ ወሩን ይዞ ነበር። የከተማው ሰው በየማታው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በየደጁ ወጥቶ ለጤና ሠራተኞች ያጨበጭባል። ማጨብጨቡ ግዴታ ነው፤ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ደግሞ ያው ያጨበጨበው ሰው ነርስ የተሳፈረበት ታክሲ ውስጥ አይገባም። ሁለቱም ነገር እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ ስለተለመደ ማንም አንሥቶ አይነጋገርበትም።

የጤና ሠራተኛ ሁሉ የሸክም አምባር ያስራል። አምባሩ ነጭና ቀጭን ነው፤ ከእጅ አንጓ ላይ ተቀምጦ ልብ የተሸከመውን በነጥብ ይቆጥራል። እስከ ሰባ ድረስ ደህና ነው። ከሰባ ካለፈ አምባሩ ይቀላል። የቀላበት ሠራተኛ በዚያው ቀን መኪና ይመጣለትና ሐይቅ ዳር ወዳለው ማረፊያ ይሄዳል፤ አርባ ቀን ያርፋል፤ ከታማሚ ጋር በምንም መንገድ አይገናኝም። ሕጉ በቅን ልብ የወጣ ነው። በቀደሙት ሳሎች ጊዜ ነርሶች በቁማቸው ሲያልቁ ያየ አልነበረምና፣ አሁን ይታይ ተብሎ ነው። በዚያ ላይ ፈረቃ በተቀየረ ቁጥር አራት ደቂቃ የሳቅ ሰዓት አለ። ሠራተኛው ይሰለፋል፣ ድምፅ ማጉያው "ጀምሩ" ይላል፣ ይሳቃል። ነርስ ከድር ለዚህ ጉዳይ አንዲት ሳቅ አዘጋጅቶ ነበር፤ አጭር ናት፣ ጉሮሮ አታደርቅም፤ በየቀኑ ያችኑ እየደጋገመ ይስቃታል።

ችግሩ ተተኪ አለመኖሩ ነበር። ቁጥር ስድስት ያለው አሥራ አንድ ነርስ ነው። ከሰባት ካነሱ ክፍሉ ይዘጋና ሠላሳ ስምንቱ ታማሚዎች ቆላ ወዳለው ሰው አልባ ማዕከል ይዛወራሉ። እዚያ ሕክምናው ጥሩ ነው ይባላል። መርፌውም፣ አየሩም፣ ሾርባውም ሰዓቱን አያዛንፍም። በስም የሚጠራ ግን የለም። ቤተሰብ መጥቶ ከውጭ የሚቆምበት መስታወትም የለም።

አምባርን ይመር ዘንድ የማስቀመጡ ነገር የጀመረው በስሕተት ነው። ከድር አንድ ቀን አምባሩን በቆሸሸ ጋውን ኪስ ውስጥ ረሳው። ይመር ከማጠቢያው በፊት አገኘውና እንዳይጠፋበት ብሎ በራሱ ክንድ ላይ አሰረው፤ ሲመሽ ሊሰጠው። ማታ ላይ ለከድር "የወሩ ረጋ ያለ ሠራተኛ" የሚል የምስክር ወረቀት ተላከለት። በዚያ ቀን ከድር ሁለት ሰው ሞቶበት ነበር፤ አከራዩም ሻንጣውን ከበር ውጭ አውጥተው፣ ላዩ ላይ ፀረ ተዋሲያን ረጭተው ጠብቀውታል።

አምባሩ በእርግጥ የባለቤቱን ቆዳ መለየት ነበረበት። ነርሶቹ ግን እጃቸውን በቀን መቶ ጊዜ በአልኮል ስለሚያሹ ቆዳቸው ተልጦ አምባሩ ማን ማን እንደሆነ ጠፋበት፤ ቀኑን ሙሉ "እርስዎ ማን ነዎት" እያለ ሲጮህ ስለሚውል አምባሮቹን የሚከታተለው የሸክም ጽሕፈት ቤት ራሱ ያንን መቆጣጠሪያ ዘጋው። እናም ከከድር ቀጥሎ ሲስተር ዘነቡ መጣች፤ ከዘነቡ ቀጥሎ ሌላዋ፤ ወሩ ሳያልቅ የይመር ግራ ክንድ ስድስት፣ ቀኝ ክንዱ አምስት አምባር ተሸከመ። በሙቀቱም በእንፋሎቱም እጅጌው ረጅም ሸሚዝ ይለብስ ጀመር። አሥራ አንዱም አምባር ከቀን ወደ ቀን ሠላሳ ሁለትና ሠላሳ አራት ላይ ይውላል። ቁጥር ስድስት ከአገሩ ሁሉ የሠራተኛ ደኅንነት አንደኛ ወጣ።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም ሳያዝ ተለመደ። ጠዋት ጠዋት አምባራቸውን ለይመር ሲያቀብሉ አንዳንድ ነገር ይናገራሉ። ዘነቡን አንድ ቀን፣ ሰባት ቁጥር ላይ የተኙት ሴትዮ እጇን ይዘው በእናታቸው ስም ጠሯት፣ እሷም አቤት አለቻቸው፣ ከዚያ ወዲያ በሄደችበት ሁሉ ያ ስም የሚጠራ እየመሰላት ትዞራለች። ከድር አዲስ የተከራየው ቤት ሲገባ የተኛች ሚስቱን ትንፋሽ ይቆጥራል፤ መቁጠሩን መተው አልቻለም። ሌላዋ የልጇን ማንኪያ ለብቻው ታጥባለች፤ ልጅቷ "እማ፣ እኔ ነኝ የምቆሽሸው?" ብላ ጠየቀቻት። ይመር አይመክርም። "እህ" ይላል፣ አንሶላውን ያጥፋል፣ አጥፎ ሲጨርስ ተናጋሪዋ ሄዳለች። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ለዚያ የሚሆን ነጥብ በየትኛውም መዝገብ ላይ አልነበረም።

ነገሩ ሁሉ ሰላም ሳለ ይመር ሽማግሌ ላከ።

የላከው ወደ ሲስተር ጀማነሽ ቤተሰብ ነው። ጀማነሽ የአርባ አምስት ዓመት ሴት ናት፤ ከአሥራ አንዱ አንጋፋዋ ናት፤ ከባሏ ከተለያየች ቆይታለች፤ ቡናማ ጫማዋ የግራ ተረከዙ ተጠግኗል። አምባሯን ስትሰጥ ከሌሎቹ ይልቅ ትንሽ ትቆይ ነበር። አንዳንዴ ምንም ሳትናገር የትራስ ልብሱን አብራው ታጥፋለች። ይመር ሽማግሌ ሲልክ ልቡ ይዘላል ብሎ አልጠረጠረም። ይህ ነገር ያለፈበት መስሎት ነበር። ሁለት ሽማግሌዎች ወረኢሉ ላለው ወንድሟ በስክሪን ቀርበው ጉዳዩን አስረዱ፤ ወንድሟም ወጉ ነውና ተነጋግረን በሳምንቱ መልስ እንሰጣለን አለ።

ወሬው በማግሥቱ ክፍሉ ውስጥ ገባ። በዚያኑ ጠዋት የይመር አሥራ አንድ አምባሮች ከሠላሳ አራት ወደ ሃምሳ ሁለት ወጥተው ነበር። ዘነቡ እጅጌውን ሰብስባ ቁጥሩን አየችና ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። አዲስ ተመራቂ ነርሶች ሊደርሱ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነበር። ሃያ ሰው ይመጣል ተብሏል። ዘጠኝ ቀን ብቻ።

"ጋሽ ይመር" አለች፣ "አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ታግሠው ዘጠኝ ቀን አቃተዎት?"

ይመር ይቅርታ ጠየቀ። በእርግጥም አፍሮ ነበር፤ ማፈሩም ሦስት ነጥብ ጨመረ።

ነርሶቹ ስብሰባ ተቀመጡ። ከድር ነገሩን አብራራ፦ ወንድምየው እሺ ቢል የይመር ልብ በደስታ ይዘላል፤ አይሆንም ቢል ደግሞ በሐዘን ይዘላል፤ አምባሩ ሁለቱን አይለይም። ስለዚህ መልስ መኖር የለበትም። እናም አሥሩ ነርሶች የራሳቸውን ሽማግሌዎች መርጠው ወደ ወረኢሉ ላኩ። ምስኪኑ ወንድም በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት የሽማግሌ ቡድን አስተናገደ፤ አንደኛው እኅትህን ስጠን ይላል፣ ሁለተኛው እባክህ እስከ አሥረኛው ቀን እሰጣለሁም አልሰጥምም አትበል ይላል። እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሞት ስለማያውቅ ለሁለቱም እሺ አለ።

ጀማነሽም ምድር ቤት እንዳትወርድ ተከለከለች። አምባሯን ከድር ያደርስላታል። ወደ ሥራ ስትገባም በጓሮ በር እንድትዞር ተነገራት፤ ቡናማው ጫማ በመስኮቱ ባለፈ ቁጥር አሥራ አንዱም አምባር ስልሳ ሦስት ይደርስ ነበርና። ይመርን ደግሞ እንደ አራስ ያዙት። ቅመም የሌለው ሾርባ ያመጡለታል። የኳስ ወሬ አይነገረውም። ስሟ አይነሣም። ከድር በምሳ ሰዓት እየወረደ የእሳት አደጋ መከላከያ መመሪያውን ጮክ ብሎ ያነብለታል፤ አንቀጽ አራት ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ወደ አርባ ስምንት ይወርዳል። ይመርም የድርሻውን ይታገላል። አንሶላ ሲያጥፍ አንሶላውን ብቻ ለማሰብ ይሞክራል። ሲጸልይም ቀድሞ ጠይቆት የማያውቀውን ነገር ጠየቀ፦ ጌታዬ፣ እስከ ሰኞ ድረስ ልቤን አደንዝዝልኝ።

አምስት ቀን እንዲህ አለፈ።

በስድስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የምድር ቤቱ በር ተከፈተና ጀማነሽ ገባች። የመከላከያ ልብሷን አውልቃለች፤ የመነጽሩ ጠርዝ ፊቷ ላይ ተቀርጿል። ይመር ከነአንሶላው ቆመ።

"ዘነቡ ታይሻለች" አላት።

"ትየኝ።"

አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። አሥራ ሁለት ቁጥር ማለዳ አርፈዋል። ሽማግሌው ሦስት ሳምንት ተኝተዋል፤ ሚስታቸው ሦስት ሳምንት ሙሉ መስታወቱ ላይ ቆመዋል። ሲድኑ ለኅዳር የልጃቸውን ቤት ሊያዩ ቆርጠው ነበር፤ የሚለብሱትን ሁሉ ተስማምተዋል። መርዶ ድሮ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሳይቀድ በር አንኳኩቶ፣ ሰው ደግፎ የሚናገረው ነገር ነበር። አሁን አንዲት ነርስ ብቻዋን በመስታወት በኩል በማይክሮፎን ትናገረዋለች። የዛሬው ተራ የጀማነሽ ነበር።

"ነገርኳቸው" አለች። "ምን አሉኝ መሰለህ? ዝም ብለው አዩኝና፣ 'ልጄ፣ ቁርስ በልተሻል?' አሉኝ።"

ይመር "እህ" አለ።

ጀማነሽ አንድ የትራስ ልብስ አንሥታ አጠፈች፤ ፈታችው፤ እንደገና አጠፈች። ፊቷ ግን ሐዘን ብቻ አልነበረም። ሌላ ነገር ከሥሩ እየገፋ ይመጣ ነበር፤ ሰው ሊስቅ ሲል ከንፈሩን የሚይዘው ዓይነት።

"ወንድሜ ለአሥረኛው ቀን ነው ያለው" አለች። "እኔ እዚህ ቤት አሥረኛ ቀን የሚባል ነገር አላይም፣ ይመር። እሺ ብያለሁ።"

"መቼ?"

"አሁን ነዋ። መቼ ልበልህ?"

ይመር መጀመሪያ ያሰበው ሠላሳ ሰባቱን ታማሚዎች ነው፤ ይህ ሊመሰከርለት ይገባል። እጆቹን ደረቱ ላይ አድርጎ ልቡን እንደ ጥጃ ሊያስር ሞከረ። አንቀጽ አራትን አስታወሰ፤ የእሳት ማጥፊያው ከወለሉ ስንት ሜትር እንደሚሰቀል አስታወሰ። ጀማነሽ የሚያደርገውን አይታ ገባትና ሳቀች። ያ የድምፅ ማጉያው የአራት ደቂቃ ሳቅ አልነበረም፤ ከሆዷ የወጣ ነበር፤ እንባዋም አብሮ ወረደ። ያን ጊዜ የይመር ልብ ተነሣ።

መጀመሪያ የግራው ስድስት፣ ቀጥሎ የቀኙ አምስት ቀላ። እጅጌው ውስጥ እንደ ሠርግ ቤት መብራት ብልጭ ድርግም ይሉ ጀመር። ሰባ ስምንት። ሰማንያ አምስት። ዘጠና አንድ።

በሸክም ጽሕፈት ቤቱ ሰሌዳ ላይ የታየው፣ የቁጥር ስድስት ነርሶች በሙሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ልባቸው መሰበሩ ነው። ለዚህ የተዘጋጀ ሥርዓት አለ፤ "የጅምላ ሐዘን" ይባላል፤ እስከዚያ ቀን ተሠርቶበት አያውቅም። በአሥራ ሰባት ደቂቃ ውስጥ ሦስት መኪና ግቢው ገባ። ድንኳን ራሱን ዘረጋ። ወንበሮች ተደረደሩ። ጥቁር የለበሱ ስድስት ደመወዝተኛ አጽናኞች ወረዱ፤ ከኋላቸው በሁለት በርሜል ትኩስ ንፍሮ ወረደ። በመጨረሻ ተቆጣጣሪዋ ወይዘሮ እልፍነሽ ወረዱ፤ ሃምሳ የሚሆናቸው፣ ቀጥ ያሉ፣ የሚናገር መዝገባቸውን በክንዳቸው የያዙ ሴት።

ነርሶቹ ግርግሩን ሰምተው በየተራ ብቅ አሉ። አጽናኞቹ እንደተማሩት አንገታቸውን ደፍተው "እግዜር ያጥናችሁ" አሏቸው። ከድር ማን ሞቶ ነው ሲል ጠየቀ። አጽናኞቹ ማን እንደሞተ አያውቁም፤ ነገር ግን መርዶ በቀጥታ አይነገርምና ዓይናቸውን ሰበሩ፣ ቁጭ በል እስቲ መጀመሪያ አሉት፣ ውሃ አቀበሉት። ዓይኑን የሰበረ ሰው፣ ቁጭ በል የሚል ሰው፣ ውሃ የሚያቀብል ሰው ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ በዚያ አገር የለም።

"አባቴ ነው፣ አይደል?" አለ ከድር።

ማንም "አይደለም" ስላላለው ወንበሩ ላይ ወደቀ። ዘነቡ ልታቅፈው ሮጣ ስትደርስ ሌላዋ አጽናኝ የእሷንም ክንድ ደገፈቻት፤ ዘነቡም እናቷ እንደሆነች ገባት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አሥር ነርሶች ለአሥር በሕይወት ላሉ ሰዎች ያለቅሱ ነበር። ቤታቸው ደወሉ። ሲያለቅሱ የሰማቸው ቤተሰብ ደግሞ ምን ሆነው ነው ብሎ እዚያ ማልቀስ ጀመረ። አንዲት እናት በስልኩ ውስጥ "እኔ አልሞትኩም እኮ" እያሉ ይጮኹ ነበር፤ ልጃቸው ግን ስላልሰማቻቸው በስማቸው ታለቅሳለች። በሰባት ወር ውስጥ አንዳቸውም አልቅሰው አያውቁም ነበር። አንዴ ከተጀመረ በኋላ ለማቆም የቸኮለ አልነበረም። መስታወቱ ውስጥ ታማሚዎቹ ድንኳኑን አይተው ተደናገጡ፤ ሃያ ሁለት ቁጥር ላይ ያሉት አዛውንት በጽሕፈት ሰሌዳቸው ላይ "የሞትኩት እኔ ከሆንኩ ደብቃችሁ አታቆዩኝ" ብለው ጽፈው ወደ ውጭ አሳዩ።

ወይዘሮ እልፍነሽ መዝገባቸውን ከፍተው የሟቹን ስም ጠየቁ። አንዷ ነርስ እንባዋን እየጠረገች፣ ዛሬ እንኳ አሥራ ሁለት ቁጥር አርፈዋል አለች።

"የታማሚ ሞት ሐዘን ተብሎ አይያዝም" አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ። "በቅጹ ላይ የሥራ ውጤት ነው የሚባለው።" ይህን ሲሉ ድምፃቸው ትንሽ ቀነሰ።

በዚህ ጊዜ ይመር ከምድር ቤት ወጣ። ክንዶቹን በፎጣ ጠቅልሏል፤ ፎጣው ግን ቀዩን መብራት አልሸሸገውም። ጀማነሽ ከኋላው ናት። ይመር መሸሽ ይችል ነበር፤ አምባሮቹን ማጠቢያው ውስጥ መጣል ይችል ነበር። ሰዎቹ ሲያለቅሱ ሲያይ ግን እግሩ ቀድሞት ድንኳኑ መሀል ቆመ፤ ፎጣውን ፈታ፤ እጅጌውን ሰበሰበ።

"እሜቴ" አለ፣ "የማንም ዘመድ አልሞተም።"

"አሥራ አንድ ሰው በአንድ ደቂቃ ቀልቷል።"

"አሥራ አንድ ሰው አይደለም። እኔ ብቻ ነኝ። ሴት ጠይቄ ነበር። እሺ አለችኝ።"

ከበርሜሉ ንፍሮ የሚጨልፈው ሰው ጭልፋውን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ከድር ሳቀ። ያች ያዘጋጃት ሳቅ አልነበረችም፤ ማንም ሰምቶት የማያውቅ፣ እንደ አህያ የሚሰበር፣ አፍንጫውን ያስረጠበ ሳቅ ነበር። ዘነቡ ተከተለች። ስልክ ላይ ያሉት እናት "አሁን ደግሞ ምን ሆናችሁ?" አሉ። አጽናኞቹ ለመሳቅ የሚፈቅድ አንቀጽ ስለሌላቸው ጥቁር ሻሻቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቀጠቁ።

ያልሳቁት ወይዘሮ እልፍነሽ ናቸው። ከይመር ክንድ ላይ አንዱን አምባር ፈቱ፤ የከድር ስም ተጽፎበታል። የከድርን እጅ ያዙ። ሳቁ ቀስ እያለ ሞተ። አምባሩ ትክክለኛው አንጓ ላይ ቢታሰር ምን እንደሚያሳይ የማያውቅ አልነበረም። ያኔ ከድር ይሄዳል፤ ቀጥሎ ዘነቡ፤ ከሰዓት በኋላ ሠላሳ ሰባት አልጋ ወደ ቆላ ይጫናል። ወይዘሮ እልፍነሽ እጁን ገልብጠው አዩት። ቆዳው ተሰነጣጥቆ፣ በጣቶቹ መሀል ደም አዝሏል። አምባሩን አላሰሩትም።

"ቅጹ ምክንያት ይጠይቃል" አሉ መዝገቡን እንደገና እየከፈቱ። "አሥራ አራት ምክንያት አለ። ሐዘን፣ ፍርሃት፣ ድካም፣ ቁጣ፣ መገለል..." ጣታቸው እስከ ታች ወረደ። "ደስታ የሚባል የለም።"

"የለም?" አለ ይመር፤ እሱም ገረመው።

"የለም። አልታሰበም።" ወይዘሮ እልፍነሽ "ሌላ" የሚለውን ነክተው በእጃቸው "ደስታ" ብለው ጻፉ። መዝገቡ ጥቂት አሰበና ጮክ ብሎ መለሰ፦ የተጠቀሰው ምክንያት በዝርዝሩ ስለሌለ ጉዳዩ ለጥናት ተላልፏል፤ ጥናቱ ሃያ አንድ ቀን ይፈጃል፤ ጥናቱ እስኪጠናቀቅ ድረስ ማንም ሠራተኛ ከቦታው አይነሣም፣ ማንም ታማሚ አይዛወርም።

አዲሶቹ ነርሶች ሊደርሱ የቀረው ሦስት ቀን ነው። ዘነቡ በጣቷ ቆጥራ ጨረሰችና እንደገና ማልቀስ ጀመረች፤ አሁንስ ለምን እንደሆነ ታውቀዋለች።

"አትደሰቱ" አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ። "አዲሶቹ በገቡ ማግሥት በየሦስት በየሦስት እያደረግሁ ሁላችሁንም ሐይቅ አወርዳችኋለሁ። አርባ አርባ ቀን። ፊርማው የእኔ ነው፣ አማላጅ አልሰማም። እንዲህ ያለ እጅ ይዞ 'ደህና ነኝ' የሚለኝን ሰው ሁለተኛ እንዳላይ።"

የሚከራከር አልነበረም። በመመሪያው መሠረት የተዘረጋ የሐዘን ድንኳን ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት አይነሣም፤ የመጣ ንፍሮም አይመለስም። ስለዚህ ተበላ። አጽናኞቹ እልል እንዲሉ ተለመኑ፤ ለሰባት ወር ማልቀስ ብቻ ሲለማመዱ ስለከረሙ የመጀመሪያዋ እልልታ መሀል ላይ ወደ ሲቃ ዞረችባቸው፤ ሁለተኛዋም እንደዚያው፤ ሦስተኛዋ ግን ሳትሰበር ወጣችና መስታወቱ ውስጥ ያሉት ታማሚዎች የአልጋቸውን ብረት በማንኪያ ይመቱ ጀመር። ሃያ ሁለት ቁጥር ሰሌዳቸውን አጥፍተው "ሙሽራዋ የቷ ናት?" ብለው ጻፉ። ጀማነሽ እጇን አወጣች።

ይመር ግን አንሶላ ማሽን ውስጥ እንዳለ ትዝ አለውና ወደ ምድር ቤት ወረደ። አምባሮቹን ለወይዘሮ እልፍነሽ ስላስረከበ ክንዱ ባዶ ሆኖ ቀልሎታል፤ የአምባሮቹ ምልክት ብቻ አሥራ አንድ ነጭ መሥመር ሠርቶበታል። እርጥቡን አንሶላ እያወጣ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ እልፍነሽ ነበሩ። መዝገባቸውን አልያዙም። በሩን ከኋላቸው ዘጉና አግዳሚው ዳር ላይ ተቀመጡ፤ ከእጃቸው ላይ የራሳቸውን አምባር ፈትተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ቀይ ነበር። ዛሬ የቀላ አይመስልም፤ ለተቆጣጣሪ መኪና የሚጠራ የለም።

ይመር ከልቡ አዘነላቸው። "እሜቴ፣ ልይዝልዎት ደስ ባለኝ" አለ፣ "ግን እንግዲህ እኔም አልረጋ። ልቤ አሁንም አልወረደልኝም።"

"አምባሩን አይደለም" አሉ። "ልጆቹ ጠዋት ጠዋት እዚህ ወርደው አንዳንድ ነገር ያወሩልዎታል ይባላል።"

"አዎ።"

"ለተቆጣጣሪም ይሆናል?"

ይመር ማሽኑን አጠፋ። ከላይ፣ ከድንኳኑ፣ እልልታው ይሰማል። ወይዘሮ እልፍነሽ ቀሚሳቸውን አስተካከሉ፤ "ወንድ ልጄ በሰኔ..." ብለው ጀመሩና ቀና ቢሉ ይመር ከጆሮ እስከ ጆሮ ፈገግ ብሎ ቆሟል። ፊቱን ሊሰበስበው ይታገላል፤ አልሰበሰብ ብሎታል።

"የምነግርዎት እኮ የሚያስቅ አይደለም" አሉ።

"አውቃለሁ፣ እሜቴ" አለ ይመር፤ አንሶላውን ዘርግቶ አንዱን ጫፍ አቀበላቸው። "ፊቴን አይዩት። ዛሬ የራሱ ጉዳይ አለበት። ይንገሩኝ፤ ጆሮዬ እዚሁ ነው።"